የውሃ ሽታ

«የውሃ ሽታ ሆነ» እንላለን እኛ፣
ላልተመለሰ ብድር፣ ለከዳን ጓደኛ።
ውሃ ሽታ የለውም ብለን ስንምል፣
ከናውጅ ላይ፣ ጋንጅስ ዳር፣ በጠርሙስ ይሸጣል።

አብሳዩ ራምዱላሬ ነው፤ ሰባ ስምንት ዓመቱ።
ስድሳውን የኖረው ከመዳብ ጋን ፊት ነው፣ ከኩበት እሳቱ።
ከደረቀ ኩሬ ሸክላ ያስቆፍራል፣
እንደ ቂጣ ጠፍጥፎ በእሳት ይጠብሳል፣
ሰባብሮ ከውሃ ጋር ከጋኑ ይከታል፣
አፉን በጭቃ ይመርጋል።
እንፋሎቱ በቀርከሃ ቧንቧ ተንፏቆ ሲወርድ፣
ከታች የሰንደል ዘይት ይጠብቀዋል፣ እንደ ታጋሽ ዘመድ።
የሚቀዳው ሰኔ ነው፤ የመጀመሪያው ጠብታ፣
ከተሰነጠቀ መሬት የምትነሣው ያቺ ሽታ።

ሰዓት አያይም፣ ቴርሞሜትር የለው፣
ሚዛኑ አፍንጫው ነው።
«ገና» ሲል ኩበት ይጨመራል፣ «በቃ» ሲል እሳቱ ይበተናል።
ልጁ ከምሌሽ ደብተር ይዞ ቢጠይቀው፣
«በጽሑፍ አይሸተትም» ብሎ መለሰው።

መቼ ጀመረ? እንጃ። ምናልባት ሻዩ ላይ ሄሉ የጠፋ ጊዜ።
ምናልባት ሚስቱ በሞተች በወሩ፣ ሻርፗን ከሣጥን ሲያነሣ፣
ጨርቅ ብቻ ሆኖ ሲያገኘው፤ ሐዘን ነው ብሎ ሲረሳ።

ሦስት ዓመት ደበቀ። መዳቡን በመዳፉ ዳሰሰ፣
ፍላቱን በጆሮው ለካ፣ በልማድ ጀመረ፣ በልማድ ጨረሰ።
ገዢ ሲመጣ ጠርሙሱን አስጠግቶ ዐይኑን ከደነ፤
ፊቱ የለመደውን ደስታ፣ ምንም ሳይሸተው፣ ከወነ።

አንድ ማክሰኞ ጋኑ ደርቆ ሲያር፣ ጭሱ ከኋላ ግቢውን ሲሞላ፣
እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ ነበር፣ ኦቾሎኒ ሲበላ።
የልጅ ልጁ ፑትሊ ከደጅ ሮጣ መጥታ፦ «አያቴ! አይሸትህም?» አለች።
ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም አላለ፤ ጥያቄዋ ግን እቤት ቀረች።

ላክናው ወሰዱት። ወጣት ሐኪም አራት ብልቃጥ ደረደረ።
ሎሚ። «ይቀዘቅዛል» አለ።
ቅርንፉድ። «ይወጋል» አለ።
ሳሙና። ዝም።
ጽጌረዳ። ዝም፤ ቆይቶ ግን፦
«ይህኛው ሰው ነው። ስሟ አልመጣልኝም።»

ሐኪሙ ሣለ፦ ከአፍንጫ ጣሪያ በላይ፣ ወንፊት የመሰለ አጥንት፣
ክር ክር የሚያህል ነርቭ የሚያልፍበት።
«ዕድሜ ወንፊቱን ያጠብባል፣ ክሩን ያሳሳል።
ሌላው ስሜት ሁሉ አንጎል ደጅ ይጠናል፤
ሽታ ግን እንደ ቤት ልጅ፣ ሳያንኳኳ ይገባል፣
ትዝታና ፍርሃት ከሚያድሩበት ጓዳ ዘልቆ ይቀመጣል።
እሱ ሲቀር ጓዳው ይጨልማል፤ አንዳንዴ ደግሞ ጓዳው ነው ቀድሞ የሚታመመው።
የትኛው እንደሆነ ጊዜ ነው የሚነግረን፣ ጊዜ ነው የሚያሳየው።»
ራምዱላሬ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።
«ጊዜ» አለ፣ «ወሬ ይወዳል።»

የሚገርመው፣ የትናንቱ ሲሸሽ የጥንቱ አልሸሸም፦
ስድስት ዓመቱ ነው። እናቱ እርጉዝ ናት። ከጓሮ ተደብቃ
የተሰበረ የሻይ ስኒ፣ የሸክላ ገል ትቆረጥማለች፤
«ለአባትህ እንዳትነግር» ስትለው፣ ከእስትንፋሷ ዝናብ ይወጣል።
ሌሊት ሌሊት ይህን ያሸታል። በምኑ እንደሆነ ሐኪሙን አልጠየቀም።
ለአባቱም እስከ ዛሬ አልነገረም።

ሰኔ መጨረሻ ሰማዩ ተቀደደ። ፑትሊ እጁን ይዛ አወጣችው።
«ንገሪኝ» አላት። «ምኑን?» «ሽታውን።»
አሰበች፣ ከንፈሯን ነከሰች፤ «እንደ ውሃ» አለችው።
እስኪያስለው ሳቀ።

በማግስቱ ጋኑ ተጣደ። ልጅቱ ቧንቧው አጠገብ ተንበረከከች፣
እሱ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ፤ ዘይቱን አላየም፣ እሳቱን አላየም፣
ቅንድቧን ነበር የሚያየው።
ስትኮሳተር «ገና» አለ።
ግንባሯ ሲፈታ፣ አፏ ሳታውቀው ሲከፈት፣
«በቃ!»

ገዢው አሸተተ፣ ዐይኑን ከደነ፣ ልዩነት አላገኘም።
ዋጋ ላይ ግን እንደ ወትሮው ተከራከረ።